«ትርጉሙ ያው ነው» አትበሉኝ

ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን ብቻ ሦስት ሰው «ኧረ ትርጉሙ ያው ነው!» አለኝ። እንጀራዬ ሰው በእንግሊዝኛ የጻፈውን ሪፖርት፣ ማመልከቻና ደብዳቤ ማቃናት ነው። የሰዋስው ስህተት አያናድደኝም፤ እሱ ባይኖር ምን እበላለሁ? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰው «ወደድነው»፣ «በደስታ ተቀበልነው» ለማለት ሲፈልግ ከኮምፒዩተሩ የቃላት ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ ዓይኑ ያረፈበትን ይመርጣል። ስጠይቀው መልሱ ያችው ናት። ስለዚህ ዛሬ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ልዘርዝር።

«ኢንጆይ ብቻውን ይቆማል።» አይቆምም። እኛ «ትናንት ኢንጆይ አደረግን» ብለን እናልፋለን፤ ምኑን ብሎ የሚጠይቅም የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ዊ ኢንጆይድ» ብላችሁ ነጥብ ካደረጋችሁ አንባቢውን አንጠልጥላችሁት ሄዳችሁ። ምኑን? ግብዣውን በሉ፣ ጉዞውን በሉ። ምንም ከሌለ «አወርሰልቭስ» ጨምሩበት። አስተናጋጅ ሳህን አስቀምጦ «ኢንጆይ!» ሲል የሰማችሁት ልማድ ሆኖ የገባ ነገር ነው፤ ለናንተ ማመልከቻ ፈቃድ አይሆንም። ደግሞም «ኢንጆይ ቱ ሪድ» አይባልም። «ኢንጆይ ሪዲንግ» ነው።

«ኢንጆይ ካለ ደስታ አለ።» በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 የወጣው የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 14 ላይ ይህ ቃል አለ። አንቀጹ የሚያወራው ከሚያሳድዱት ሸሽቶ በሌላ አገር ጥገኝነት ስለመጠየቅና ስለማግኘት ነው። እዚያ ማን ነው ፈታ ያለው? በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ኢንጆይ ማለት በመብቱ መጠቀም ነው።

«ሬሊሽ የምግብ ቃል ነው።» ከምግብ መጣ እንጂ እዚያ አልቀረም። ጥንት አፍ ላይ የሚቀር ጣዕም ማለት ነበር፤ እኛ ስለ ጠጅ ስናወራ ቃና የምንለው ዓይነት። ዛሬ ግን በብዛት የምታገኙት ከፈተናና ከከባድ ሥራ ጋር ነው፤ ወዶት ገባበት ለማለት። «አይ ዶንት ሬሊሽ» የሚል ካነበባችሁ ደግሞ ሰውየው በጨዋ ቋንቋ «ሳስበው ይደብረኛል» እያለ ነው።

ሴይቨርና ዲቫወር አንድ ናቸው ለሚሉኝ ብዙ አልደክምም። አንዱ ማጣጣም ነው፣ ሌላው መሰልቀጥ። አቦሉን ይዞ ቀስ እያለ ፉት የሚል ሰው ሴይቨር እያደረገ ነው። መጽሐፍ በአንድ ሌሊት የጨረሰ ዲቫወር አደረገ ይባላል፤ ቤት የበላ እሳትም እንዲሁ።

«ጃምፕ አት» ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ከኛው ከአማርኛው ይመጣል። እኛ ዘንድ «ዘሎ ገባበት» ከተባለ ሰውየው ሳያስብ ነው የገባው። በእንግሊዝኛ ግን ዕድል ሲመጣ ጃምፕ አት ማለት ነውር የለውም። ፈጥኖ፣ ደስ ብሎት ያዘው ነው። ብቻ «አት» የነበረውን «ኦን» እንዳታደርጉት። ሰው ላይ ጃምፕ ኦን ካላችሁ ጮኻችሁበታል ማለት ነው።

«ኢንተርቴይን ማዝናናት ነው።» አንድ ወዳጄ ለመሥሪያ ቤት ሐሳብ አቅርቦ «ካን ኖት ኢንተርቴይን ዩር ሪክዌስት» የሚል መልስ መጣለት። «እኔ መቼ አዝናኑኝ አልኳቸው?» አለ። ሳቅኩበት። መልሱን ግን አማርኛችን ራሱ ይዞታል። እንግዳ ይስተናገዳል፣ ጥያቄም ይስተናገዳል። «ጥያቄህን ማስተናገድ አንችልም» ነው ያሉት፣ አለቀ።

አሁን ወደሚያስከፍለው ስህተት ልምጣ። ሪሲቭና አክሰፕት። በአማርኛ ሁለቱም «ተቀበለ» ናቸው፤ ጣጣው እሱ ነው። ደብዳቤ በእጄ ሲገባ ሪሲቭ አደረግሁት። በውስጡ ያለውን ስስማማበት ደግሞ አክሰፕት አደረግሁት። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን ስታገኝ በደስታ ብዛት ማንንም ሳታማክር መልስ ላከች። «ያቀረባችሁልኝን ሥራ በታላቅ ደስታ ሪሲቭ አድርጌዋለሁ» ትላለች። ሰዎቹ ደብዳቤው መድረሱን ነገረችን ብለው ቁጭ አሉ። እሷም ጥሩኝ ብላ ቁጭ አለች። በስምንተኛው ቀን «ታዲያ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» የሚል ኢሜይል ባይመጣ ኖሮ ዛሬም እየተጠባበቁ ነበር። «አጎቴ፣ ታላቅ ደስታ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ!» አለችኝ። ልጄ፣ ደስታው ግሱን አያድነውም።

የሥራ ቅጥር ደብዳቤ የምትመልሱ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥ አክሰፕት ይኑር። «ፕሊዝድ ቱ አክሰፕት» በቂ ነው። «ዲላይትድ» ካላችሁም ይሁን። «ኢምብሬስ» ግን አትበሉ። እሱ እጅን ዘርግቶ ማቀፍ ነው፤ ለሃይማኖት፣ ለለውጥ፣ ለአዲስ አስተሳሰብ ይሆናል። ደመወዝ አይታቀፍም።

ከሁሉም የሚብሰኝ ግን «ላፕ አፕ» ነው። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት በየሪፖርቱ አየዋለሁ። ቃሉ ወጣ ያለ ስለሆነ ጸሐፊውን የተማረ የሚያስመስለው ይመስላቸዋል መሰለኝ። ድመት ወተቷን በምላሷ እየላሰች ስትጠጣ አይታችኋል? ላፕ እሱ ነው። አፕ ሲጨመርበት ሳህኑን እስክታጸዳ ማለት ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰው ዞረ። ሰው ሙገሳን፣ ትኩረትን፣ ሐሜትን ላፕ አፕ ያደርጋል። ተመልካቹ የኮሜዲያኑን ቀልድ ላፕ አፕ አደረገው ቢባል ደስ የሚል አነጋገር ነው፤ ሰፍ ብለው ሲሰሙ ይታየኛል። ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ሲሆን ግን፣ ምክር ሲሆን፣ የፖለቲከኛ ንግግር ሲሆን፣ ቃሉ ሽሙጥ ይዞ ይገባል። የሰጧቸውን ሁሉ ሳይጠይቁ ዋጡት እንደማለት ነው። ድመት ወተቱ ከየት መጣ አትልም።

አንድ ለጋሽ ድርጅት ስለ ምርጥ ዘር ስልጠና የሚጠብቀው ሪፖርት ነበር። ጸሐፊው ትሁት ልጅ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። ገጽ 3 ላይ «ፋርመርስ ላፕድ አፕ ዘ ትሬኒንግ» ይላል። አርሶ አደሮቹ ስልጠናውን ሰፍ ብለው ተቀበሉ ማለቱ ነው። ገጽ 4 ላይ ግን እዚያው በራሱ ሪፖርት ምን ይላል? አርሶ አደሮቹ ስለ ዘሩ ዋጋና ስለ ማዳበሪያው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቁ። ግማሾቹ ደግሞ በጎረቤት ማሳ ላይ ፍሬውን ካላየን አንዘራም አሉ፤ አይተውም ነው የጀመሩት። ከዚህ በላይ አስተዋይ ገበሬ የት አለ? ገጽ 3 እንደ ድመት አደረጋቸው።

ደውዬ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ሲኖኒም ነው እኮ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው የሰጠኝ» አለ። ዎርድ ላይ የተመሳሳይ ቃላቱን ዝርዝር የሚያወጡትን ሺፍትና ኤፍ 7 ተጭኖ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው። ኮምፒዩተሩ የሚሰጣችሁ ዝርዝር አባት አለው፤ ፒተር ማርክ ሮጀት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም። ቴሶረስ የሚባለውን የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ ያሳተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 ነው። ቴሶረስ በግሪክኛ ግምጃ ቤት ማለት ነው፤ በግዕዝም «መዝገብ» እንዲሁ ሀብት የሚከማችበት ነው። ሮጀት ቃላቱን የሰበሰበው በሐሳብ ዘመድ የሆኑትን አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ነው። በመግቢያው ላይም ተመሳሳይ በሚመስሉ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት መመርመር ሌላ የጥናት ዘርፍ እንደሆነና እሱ እንዳልገባበት ጽፏል። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ራሱ ያላለውን እናንተ ከየት አመጣችሁት? ዝርዝሩ የምታውቁትን ቃል ለማስታወስ ነው። የማታውቁትን ቃል እዚያ ካገኛችሁ መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ግለጡ፣ ቀጥሎ ከነዓረፍተ ነገሩ አምስት ቦታ አንብቡት። ማን በማን ላይ እንደሚናገረው እዩ።

ለልጁ «ቱክ አፕ» ብዬ ቀየርኩለት። አዲሱን ዘር በጎረቤት ማሳ አይተው መጠቀም ጀመሩ፣ ይኸው ነው። ሪፖርቱን አነበበና አመሰገነኝ። ሒሳቡንም ላከልኝ። ማታ ላይ በቴሌግራም መልእክት መጣ፦ «ጋሼ፣ ቱክ አፕ ትንሽ ቀለለብኝ። ከበድ ያለ የለም?»

የለም አልኩት።