ማሽን አብሮ ሲጫወት፦ ቴክኖሎጂ በነጻ ኢምፕሮቫይዜሽን ውስጥ

ነጻ ኢምፕሮቫይዜሽን ኖታ፣ ዜማና ምት ቀድሞ ሳይወሰን፣ ሙዚቀኞች እየተደማመጡ እዚያው የሚፈጥሩት ሙዚቃ ነው። ማን ይጀምር፣ ማን ዝም ይበል፣ መቼ ይብቃ የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በጆሮ ነው። ስለዚህ መሀል የሚገባ ቴክኖሎጂ መጀመሪያ የሚነካው መደማመጡን ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ውስጥ በተመሠረተው ኤኤምኤም በሚባል የሙዚቃ ቡድን ውስጥ፣ ኪት ሮው ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ይጫወት ነበር። አጠገቡ ሬዲዮ ይከፍታል። ሬዲዮው ዜና ያምጣ ዘፈን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። አንዴ ከመጣ ግን ሁሉም የራሱን መልስ ይሰጠዋል።

በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊግ ኦፍ አውቶማቲክ ሚውዚክ ኮምፖዘርስ የተባለው ቡድን ኪም-1 የሚባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን በሽቦ አገናኘ። ከአንዱ ኮምፒውተር የሚወጣው መረጃ የሌላውን ሙዚቃ ይቀይራል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን የትሮምቦን ተጫዋቹ ጆርጅ ሉዊስ በ1980ዎቹ የሠራው ቮዬጀር ነው። ሶፍትዌሩ አብሮት የሚጫወተውን ሰው ይሰማል። ፍጥነቱን፣ የድምፁን ከፍታና ጉልበቱን ይከታተላል። ምን እንደሚመልስ የሚወስነው ግን ራሱ ነው። አንዴ ይከተላል፣ አንዴ ይቃረናል፣ አንዴ ጭራሽ ቸል ይላል። ሰውየው ዝም ቢል እንኳ እሱ መጫወቱን ይቀጥላል። ለእኔ ጥሩ የሙዚቃ ማሽን ማለት ይሄ ነው። የታዘዘውን ብቻ ከሚመልስ ማሽን ጋር ጨዋታ አይደራም።

ጃፓናዊው ሙዚቀኛ ቶሺማሩ ናካሙራ ደግሞ የሚክሰሩን (የድምፅ ማቀላቀያውን) መውጫ መልሶ መግቢያው ላይ ይሰካል። ከውጭ የሚገባ ድምፅ የለም፤ የሚሰማው ሚክሰሩ ራሱ የሚፈጥረው ፊድባክ፣ ማለትም ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ ድምፅ ነው። አንዷን ቁልፍ ነካ ሲያደርጋት ድምፁ እሱም ባልጠበቀው መንገድ ሊገለበጥ ይችላል። አብሮት የሚጫወት ሰው ታዲያ ጆሮውን አቁሞ መጠበቅ አለበት።

ተራርቆ መጫወት ሌላ ጣጣ አለው። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በኢንተርኔት ግን መዘግየቱ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ከ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲያልፍ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ምቱ ይጎተታል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ጃክትሪፕ የሚባል ሶፍትዌር መዘግየቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ነጻ ኢምፕሮቫይዜሽን የጋራ ምት ስለማያስፈልገው ይህን ከብዙ ሙዚቃ በተሻለ ይችለዋል።

ላፕቶፕም የራሱ ችግር አለበት። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ይታያል፤ የኮምፒውተር ማውስ የሚነካ ጣት ግን ምንም አይናገርም። ሁሉም ድምፅ ከአንድ ስፒከር ሲወጣ ማን ምን እንደተጫወተ ይጠፋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቡድኖች ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ስፒከር አጠገቡ የሚያስቀምጡለት።