«ዳታዬን በሉብኝ» እና ሌሎች የሰለቹኝ አቤቱታዎች

ሱቄ ጀሞ ነው። ካርድ እሸጣለሁ፣ የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ጥቅል መግዛት ላቃተው ሰው እገዛለታለሁ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ከ«እንዴት አደርክ» ቀጥሎ ጆሮዬ አብዝቶ የሰማው ነገር «ዳታዬን በሉብኝ» የሚለው ነው። በላተኛው ስም የለውም። «እነሱ» ናቸው።

ሁለተኛው «የትኛው ፓኬጅ ይረክሳል?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ባለፈው ወር ምን ያህል ተጠቀምክ?» ብዬ ስመልስ ሰውዬው የሰደብኩት ያህል ያየኛል። ምን ልበል ታዲያ? ጫማ ቤት ገብቶ ቁጥሩን ሳይናገር «ርካሹን ስጡኝ» የሚል ሰው ርካሹን ይሰጡታል። ልኩ ይሁን አይሁን ግን ቤቱ ሄዶ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ አንዴ ልጻፈው። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ «ይህን አንብበህ ና» እለዋለሁ።

«ዕለታዊው ይረክሳል፤ ወርሃዊው የሀብታም ነው»

ከጀሞ ሜክሲኮ የሚሠራ አንድ የታክሲ ረዳት አለ። ጠዋት ጠዋት ካርድ ይገዛና እዚያው ቆሞ የ15 ብር ዕለታዊ ጥቅል ይሞላል። በሳምንት ሁለት ቀን ያህል ማታ ያልቅበትና ይደግማል። 15 ብር ማንንም አያስደነግጥም። ካልኩሌተሬን አውጥቼ አሳየሁት። 15 በ30 ሲበዛ 450። የደገመባቸው ስምንት ቀናት 120። ድምሩ 570 ብር። «እኔ? 570?» አለ። አዎ፣ አንተ።

በተለምዶ ጥቅሉ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ሜጋ ዋጋ ይወርዳል። በ570 ብር የሚገኘው ወርሃዊ ጥቅል እሱ በየቀኑ ቆራርሶ ከሚገዛው ይበልጣል።

ልጁ ግን ሞኝ አይደለም። ገቢው የቀን ነው፣ በአንድ ጊዜ 500 ብር ከኪሱ አይወጣም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መሃል መንገድ አለ። ሳምንታዊ ነው። ወይም ለካርድ የሚያወጣውን 15 ብር በየቀኑ ቴሌብር ላይ ማስቀመጥና ሲሞላ ወርሃዊውን መግዛት። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፦ በኢትዮ ቴሌኮም *999# ከመግዛታችሁ በፊት የድርጅቱ መተግበሪያ ላይ ያለውን ዋጋ አስተያዩ። እዚያ ብቻ ጭማሪ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህን መናገሬ ለካርድ ሻጭ አይጠቅምም፤ ግን ተናገርኩ።

«እሺ፣ ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል ማለት ነው»

አይደለም! ይኸው፣ ሰው አንዱን ጥግ ሲለቅ ሌላኛው ጥግ ላይ ይለጠፋል።

ጎረቤቴ ያሉ እማማ ስልካቸው ለሁለት ነገር ነው። ሰው ይደውልላቸዋል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ዱባይ ካለችው ልጃቸው ጋር በኢሞ ይተያያሉ። ስልክ ማንሳት ነፃ ነው፤ ለተደወለለት ሰው ምንም አይቆጠርበትም። ወንዱ ልጃቸው ግን «እናቴ እንዳይቸግራት» ብሎ ትልቅ ወርሃዊ ጥቅል ይገዛላቸው ነበር። ወሩ ሲያልቅ ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁት። 20 ጊጋ ተገዝቶ 18 ጊጋ ሳይነካ ሊቃጠል ሁለት ቀን ቀርቶታል። የአንዱ ጊጋ ዋጋ ርካሽ ነበር፣ አዎ። እማማ ግን ሁለት ጊጋ ነው የተጠቀሙት፤ የተከፈለው የሃያው ነው።

በነገራችን ላይ ወርሃዊ ማለት 30 ቀን ነው። መስከረም 1 ጀምሮ በየወሩ የሚገዛ ሰው አሥራ ሁለተኛው ጥቅሉ ነሐሴ 30 ላይ ያልቅበታል። ጳጉሜን ያለ ዳታ ይውላል።

«ስልኬን አጥፍቼ ካስቀመጥኩት ቀኑ አይቆጠርብኝም»

ይቆጠራል። ቀጥሎ።

«ዳታዬን በሉብኝ»

ቁጭ በሉ፤ ይሄኛው ረጅም ነው።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እየተናደደች መጣች። ሁለት ጊጋ ከገዛች ሦስት ቀኗ ነው፤ አልቋል የሚል መልእክት ደረሳት። «ምንም አላየሁበትም፣ እምልልሃለሁ» አለችኝ። አትማይ፣ ስልክሽን አምጪው አልኳት። ሴቲንግ ገባሁ፣ ከዚያ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ከፈትኩ። እያንዳንዱ አፕ ስንት እንደበላ ተደርድሮ ይገኛል። በላተኛው ስም የለውም ብዬ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ከነስሙ ተጽፏል። ቴሌግራም 1.1 ጊጋ። ፕሌይ ስቶር 400 ሜጋ። የቀረውን ቲክቶክ።

«ቴሌግራም ላይ እኮ ቻት ብቻ ነው የማደርገው!» አለች። ቻቷን አየሁላት። ወደ አርባ ቻናል ገብታለች። የፊልም ቻናል፣ የቀልድ ቻናል፣ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል። ከፍታ ባለፈችበት ቁጥር ቴሌግራም ፎቶውንና ቪዲዮውን ራሱ እያወረደ ያስቀምጣል። እሷ አላየችውም፣ እውነቷን ነው። ስልኳ ግን አውርዶታል፤ ለሚወርደው ነው የሚከፈለው። ፕሌይ ስቶር ደግሞ የሌሎቹን አፖች አዲስ ስሪት በዳታ እያመጣ ነበር።

ይህን ሳሳያት የሌባ ፍለጋው አበቃ መሰላችሁ? «ታዲያ በፊት ለምን አይበላም ነበር?» አለች። በፊት የነበረው ስልኳ አሮጌ ነበር፣ ካሜራውም ስክሪኑም ደካማ። አዲሱ ስልክ ቪዲዮን ጥራቱን ከፍ አድርጎ ነው የሚያጫውተው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በዝቅተኛው ጥራት 100 ሜጋ አካባቢ ይበቃዋል፤ በመካከለኛው 500 ሜጋ ግድም፤ በከፍተኛው ከአንድ ጊጋ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሰውየው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ቪዲዮው ያው። ሂሳቡ ግን አሥር እጥፍ። በድምፅ ብቻ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ብትደውሉ በደቂቃ አንድ ሜጋ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ካሜራውን ስትከፍቱት ነው ጉዱ።

እንግዲህ ዝም ብዬ ከምበሳጭ የማደርገውን ልንገራችሁ። እናንተም ቤታችሁ አድርጉት፤ እኔ ጋ ተሰልፋችሁ አትምጡ።

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ግቡና ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለውን ንኩ። በሞባይል ዳታ ራሱ እንዲያወርድ የሚፈቅደውን አጥፉት። ቪዲዮ ራሱ እንዳይጫወትም ከልክሉት። ፕሌይ ስቶር ላይ አፖች የሚታደሱት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ምረጡ። ጉግል ፎቶስ ያነሳችሁትን ፎቶ ሁሉ ወደ ጉግል ማከማቻ የሚልክ ከሆነ እሱንም በዋይፋይ ብቻ አድርጉት። የሠርግ ሰሞን ፎቶ ብቻውን ጥቅል ይጨርሳል። ዩቲዩብ ላይ ጥራቱን 360 አድርጉት፤ በዚያች ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታያችሁም። መጨረሻ ላይ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ሴቨር የሚለውን አብሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቷ በዚያው ሁለት ጊጋ ቀጣዩን ጊዜ ሁለት ሳምንት ቆየችበት።

አሁን ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን። በእርግጥም የሚበላበት ጊዜ አለ። እኔው ራሴ፣ ባለሙያ ነኝ ባዩ፣ ለሦስት ወር ተበልቻለሁ። ከአንድ ባለአጭር ቁጥር በየቀኑ «የጤና ምክር» ይመጣልኝ ነበር። ነፃ መስሎኝ እያነበብኩ እዘጋዋለሁ። ለካ በየቀኑ ከቀሪ ሂሳቤ ይቆርጣል። መቼ እንደተመዘገብኩ ዛሬም አላውቅም። ወደዚያው ቁጥር «ስቶፕ» የሚል መልእክት ስልክለት ቆመ። ልብ በሉ ግን፣ ይሄ የሚነካው የሞላችሁትን ካርድ ነው። የገዛችሁትን ጥቅል አይደለም።

ወደ ትልቁ ጉድጓድ የሚወስደንም ይኸው ነው፤ ካርድና ጥቅል አንድ መስሎ የሚታየው ሰው። አንድ አባት ልጃቸው ከአሜሪካ ካርድ ላከላቸው። ደስ ብሏቸው ዳታ ከፈቱ፣ ዜና በቪዲዮ ማየት ጀመሩ። ጥቅል አልገዙም። ሳይጨርሱት ሂሳቡ አለቀ። «ልጄ የላከውን ወሰዱት» ብለው መጡ። ጋሼ፣ ያለ ጥቅል ዳታ ከተከፈተ በየሜጋው በመደበኛው ዋጋ ነው የሚቆረጠው፤ እሱ ደግሞ ከጥቅል ዋጋ ጋር አይቀራረብም። ጥቅል ሲያልቅም ዳታው ክፍት ከሆነ እንዲሁ ወደ ካርዳችሁ ይሻገራል። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለእናት ለአባታችሁ ካርድ ስትልኩ «ጥቅል ግዙበት» ማለቱን አትርሱ። ከቻላችሁ ጥቅሉን ራሱን ላኩላቸው።

«የቴሌግራም ጥቅል ገዝቼ ከሌላው ሂሳቤ ቆረጠ»

ቪፒኤንህን አጥፋው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ሳለ አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። መተግበሪያዎቹ ከተከፈቱ በኋላም ብዙ ስልክ ላይ እንደበራ ቀረ። ቪፒኤን የምታዩትን ነገር ሸፍኖ ነው የሚያሳልፈው፤ ሥራው ያ ነው። ታዲያ ጥቅሉን የሸጠላችሁ የስልክ ድርጅት ቴሌግራም መሆኑን በምን ይወቀው? እንደ ማንኛውም ኢንተርኔት ቆጥሮ ከሌላው ላይ ይቆርጣል። በዚያ ላይ ቪፒኤኑ ራሱ ጥቂት ይጨምራል። ቴሌግራም ውስጥ የተላከን የዩቲዩብ ሊንክ ከፍታችሁ ስታዩም ያው ነው። ቤቱ የቴሌግራም ይምሰላችሁ እንጂ ቪዲዮው የሚመጣው ከዩቲዩብ ነው።

«ያልተገደበ ማለት ያልተገደበ ነው»

ከስሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። የተወሰነ ጊጋ ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስበት ሁኔታ ተጽፎ ከሆነ፣ ለእናንተ ጥቅሉ ያ ጊጋ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ለቻት ይሆናል፤ ለቪዲዮ ትዕግሥት ይጠይቃል።

«እገሌ ኔትወርክ ይፈጥናል»

የት? ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ሰዉ እንደ ቡና እና ጊዮርጊስ ጎራ ለየ። ባለ 09 እና ባለ 07። ፍጥነት ግን በደጋፊ ብዛት አይመጣም። እናንተ በምትኖሩበት ቤት፣ በምትጠቀሙበት ሰዓት፣ አጠገባችሁ ያለው የኔትወርክ ምሰሶ ምን ያህል ሰው እንደተሸከመ ነው ጉዳዩ። ወንድሜ ሳሎን ውስጥ በአንዱ ሲም ቪዲዮ ያያል፤ መኝታ ቤት ሲገባ ሌላኛውን ያበራል። ስልካችሁ ሁለት ሲም ይይዛል አይደል? ከሁለቱም ትንሹን ጥቅል ገዝታችሁ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ሞክሩ። ጠዋት ሱቄ በር ላይ የሞከራችሁት ለሱቄ በር ነው የሚሠራው። ስልኩ አራተኛ ትውልድ (4ጂ) ሆኖ ሲሙ ግን የድሮ ስለሆነ የሚዘገይበትም ሞልቷል። ሲሙን ሳይቀይር «ቀፎው ነው» ብሎ አዲስ ስልክ ሊገዛ የመጣ ሰው መልሻለሁ።

«የሌሊት ጥቅል ማጭበርበሪያ ነው»

ይህን ያለኝ አንድ ጎረምሳ ነው። ጥቅሉ ከ11 እስከ 6 ሰዓት ይላል። እሱም ጎበዝ ነው፣ የሰዓት ደወል ሞልቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣ። ፊልም ማውረድ ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል በደንብ ሄደለት። እስከ ቀኑ ስድስት ጊዜ አለኝ ብሎ ስልኩን እያወረደ ትቶት ተመልሶ ተኛ። ሲነሣ ካርዱ ዜሮ ነው።

መልእክቱ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነበር። ጥቅሉ የጀመረው ማታ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያበቃው ንጋት 12 ሰዓት ላይ። ልጁ የደረሰው ለመጨረሻዋ ሰዓት ነው፤ የቀረውን ያወረደው በካርዱ። የሚያበቃበት ቀንም ቢሆን በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ እኛ መልሱት።

ሱቁ በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። በእኛ ሰዓት።