የብረት ድካም ምንድን ነው? የእጅ አንጓ ፕሌት ለምን ይሰበራል?

ራዲየስ የተባለው የክንድ አጥንት በእጅ አንጓ በኩል ባለው ጫፉ ሲሰበር፣ ቀዶ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ስብራቱን ወደ ቦታው መልሰው በቀጭን ፕሌት (በአጥንቱ ላይ በሚለጠፍ ዝርግ ብረት) እና በብሎኖች ያስሩታል። ፕሌቱ የሚሠራው ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም ሲሆን፣ ሁለቱም ከአጥንት ይልቅ እጅግ ጠንካሮች ናቸው። ይህም ሆኖ አልፎ አልፎ፣ ታካሚው ሳይወድቅና ሳይመታ፣ ፕሌቱ ለሁለት ተሰብሮ በራጅ ይታያል። እንዲህ ላለው ስብራት ዋነኛው ምክንያት የብረት ድካም ነው።

የብረት ድካም ማለት፣ ብረትን በአንድ ጊዜ ሊሰብረው የማይችል ኃይል እጅግ ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ስንጥቅ ተፈጥሮ፣ ስንጥቁ ቀስ በቀስ እያደገ፣ በመጨረሻ የቀረው ጤነኛ ክፍል ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው መሰበሩ ነው። ጉዳዩን በሥርዓት ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያሳሰበው ግን የባቡር አክስሎች (የጎማ ዘንጎች) መሰበር ነው። አክስሉን በየዙሩ የሚያጥፈው የባቡሩ ክብደት ነው፤ ፕሌቱን የሚያጥፈው ደግሞ ጣት በተጨበጠ ቁጥር ጅማቶችን የሚስበው ጡንቻ ነው።

ስንጥቁ መነሻውን ይመርጣል። በሰፊ ዝርግ ብረት ላይ ክብ ቀዳዳ ሲኖር፣ በቀዳዳው ጠርዝ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ፕሌት በአብዛኛው የሚሰበረው በብሎን ቀዳዳ ላይ ነው፤ በተለይም በስብራቱ ትክክል ላይ ባዶውን የቀረ ቀዳዳ ካለ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ፕሌቱን አጥፎ መልሶ ማቅናትም ሆነ በመሣሪያ መጫር ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ቲታኒየም ደግሞ ጭረትን እምብዛም አይታገሥም። ታዲያ ለምን ወፍራም ፕሌት አይደረግም? የብረት መታጠፍን የመቋቋም አቅም ከውፍረቱ ኪዩብ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ጋር ስለሚሄድ፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ነገር ግን በአንጓ ላይ ጅማቶች በፕሌቱ አጠገብ ስለሚያልፉ፣ ጎልቶ የወጣ ብረት እየፈተጋቸው ሊበጥሳቸው ይችላል፤ ቀጭንነቱ የተመረጠው በዚህ የተነሣ ነው።

«ፕሌቱ ደካማ ነበር» የሚለው ክስ ብዙ ጊዜ ኢላማውን የሚስት ይመስለኛል። ፕሌት የሚታሰረው አጥንቱ እስኪገጥም ነው፤ አጥንቱ እየገጠመ በሄደ መጠን ጭነቱን እየተረከበ ብረቱን ያሳርፈዋል። ይህ ስብራት በደህናው ጊዜ በሳምንታት ውስጥ መጋጠም ይጀምራል። በስብራቱ መካከል ክፍተት ከቀረ፣ ቁስሉ ካመረቀዘ ወይም ታካሚው አጫሽ ሆኖ ፈውሱ ከዘገየ ግን፣ ፕሌቱ ለጥቂት ጊዜ የታሰበለትን ሸክም ለወራት ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ዘግይቶ የተሰበረ ፕሌት አብዛኛውን ጊዜ ያልገጠመ አጥንት ምልክት ነው። የብሎን መላቀቅ ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ በአብዛኛው የሚሸነፈው የሳሳው አጥንት እንጂ ብረቱ አይደለም።

በዚህም ምክንያት የተሰበረውን አውጥቶ ያንኑ ዓይነት ፕሌት መልሶ ማሰር ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ በመጀመሪያ ኢንፌክሽን አለመኖሩን ያጣራል፤ ከዚያም ያልገጠመውን ጫፍ አጽድቶ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ከታካሚው ዳሌ አጥንት ቆርሶ በክፍተቱ ይሞላና ይበልጥ ጠንካራ በሆነ ፕሌት ያስረዋል።