ብርቱካናማው ማሊያ፣ የሃከሮቹ ማስክ እና ሌሎችም ተሳስተን የምናወራቸው ነገሮች

ባለፈው ሰሞን ከልጆቹ ጋር ኳስ አይተን ስንጨርስ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ጥያቄና መልስ እንጫወት አለ፣ የተሸነፈ የብርቱካን ጭማቂ ይጋብዛል ተባለ፣ እኔ ደግሞ የድሮ አውሮፓና ኳስ ከተቀላቀለበት አልችልም ዘልዬ ገባሁ። ጠያቂው ግን መልሱን ራሱ ተሳስቶ ነው የያዘው! እዛ ስንጨቃጨቅ ስላልተደማመጥን አንድ በአንድ ልጻፈው፣ በጥቅስ ውስጥ ያለው የተሳሳተው አባባል ነው፣ ከስሩ ያለው የኔ መልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"ሆላንዶች ብርቱካናማ የሚለብሱት ብርቱካን ስለሚወዱ ነው"

አይደለም ወንድሜ። ነገሩ የመጣው ከሰው ስም ነው፣ ዊልያም ኦፍ ኦሬንጅ ከሚባለው መስፍን። ኦሬንጅ ደቡብ ፈረንሳይ አቪኞን አጠገብ ያለች ከተማ ናት፣ ሮማውያን አራውሲዮ ይሏት ነበር፣ ከፍሬው ጋር ዝምድና የላትም፣ ስሙ ስለገጠመ ብቻ ቤተሰቡ ቀለሙንም የራሱ አደረገው። ዊልያም ግዛቷን በ1544 በ11 ዓመቱ ከአጎቱ ልጅ ወረሰ፣ ኋላ በስፔኑ ንጉስ በፊሊፕ 2ኛ ላይ የተነሳውን አመጽ መራ፣ በ1584 ዴልፍት ከተማ እቤቱ ውስጥ በሽጉጥ ተገደለ። የአመጸኞቹ ባንዲራ የላይኛው መስመር ራሱ ብርቱካናማ ነበር፣ በቀይ የተተካው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስቀኝ ግን መዝሙራቸው ነው። የሚዘፈነው በዊልያም አንደበት ነው፣ ሰውየው ከሃዲ ተብሎ ስለተከሰሰ ራሱን እየተከላከለ ነው፣ እና የመጀመሪያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ "የስፔንን ንጉስ ሁሌም አክብሬያለሁ" ይላል። አሁን 2010 ጆሃንስበርግን አስቡት፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ተጋጣሚ ስፔን፣ እነሮበን ተደርድረው ይሄ መዝሙር ይዘፈናል 😂 ከዛ ኢኒዬስታ በ116ኛው ደቂቃ አገባባቸው። አክብረው አክብረው!

"የአኖኒመስ ማስክ የነጻነት ታጋይ ፊት ነው"

አኖኒመስ የሚባሉት ሃከሮች የሚያደርጉት፣ ያ ፈገግ ያለው፣ ጺሙ የተቆለመመው ነጭ ማስክ ጋይ ፎክስን ነው የሚያሳየው፣ ታዋቂ ያደረገው ደግሞ ቪ ፎር ቬንዴታ ነው፣ መጀመሪያ ኮሚክሱ ኋላ ፊልሙ። እውነተኛው ሰውዬ ግን የእንግሊዝን ፓርላማ ለማፈንዳት የተጠነሰሰው ሴራ መሪ እንኳን አልነበረም፣ መሪው ሮበርት ኬትስቢ ነው፣ ፎክስ በስፔን ጦር ውስጥ የተዋጋ ወታደር ስለሆነ ባሩድ ያውቃል ተብሎ ነው የገባው። ኖቬምበር 5 1605 ከእኩለ ሌሊት ትንሽ አልፎ ለንደን ፓርላማው ምድር ቤት በእንጨትና በከሰል የተሸፈነ 36 በርሜል ባሩድ ሲጠብቅ ያዙት፣ ስምህ ማነው ሲባል "ጆን ጆንሰን" አለ (ፈጠራው ያን ያህል ነው)። ፍላጎታቸው ፕሮቴስታንቱን ንጉስ ከነፓርላማው አፈንድተው የ9 ዓመት ሴት ልጁን አንግሰው የካቶሊክ አገዛዝ መመለስ ነበር። የሁሉም ሰው ነጻነት ምናምን የሚባል ነገር የለበትም። ደግሞ ተቃጥሎ ሞተ የሚሉ አሉ፣ እንግሊዝ ውስጥ በየዓመቱ የሚቃጠለው እሱን የሚመስል አሻንጉሊት ነው፣ እሱ ጃንዋሪ 31 1606 ከመስቀያው ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ነው የሞተው።

"እግር ኳስ በ1863 ተፈጠረ"

በ1863 እንግሊዞች ፌዴሬሽን አቋቁመው ህግ ጻፉ እንጂ ጨዋታውማ ድሮም ነበር። ያ ሚስት በመቀያየር የምናውቀው ወፍራሙ ሄንሪ 8ኛ በ1526 የልብስ መዝገቡ ላይ ለእግር ኳስ የሚሆን አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ አለው፣ ዋጋው 4 ሺሊንግ። የራሱን ታኬታ አሰርቶ ሲያበቃ በ1540 ጨዋታውን ለህዝቡ ከለከለ፣ ንጉስ መሆን እንዲህ ነው። ስኮትላንድ ስተርሊንግ ቤተ መንግስት ደግሞ ከንግስቲቱ ክፍል የእንጨት ግድግዳ ጀርባ አንዲት ኳስ ተገኝታለች፣ ውስጧ የአሳማ ፊኛ ውጪዋ የተሰፋ ቆዳ፣ ከዛሬው ኳስ በጣም ታንሳለች፣ የ1540ዎቹ አካባቢ ናት ይባላል።

"ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ሞቱ"

ሁለቱም ኤፕሪል 23 1616 ይባላል፣ ግን እንግሊዝ ያኔ በአሮጌው ካላንደር ነበረች፣ ስፔን በአዲሱ፣ ልዩነቱ 10 ቀን። ሁለት ካላንደር ይዞ ቀጠሮ ለሚያሳልፍ ሀበሻ ይሄ አይብራራም።

"እንጀራ ከሌላቸው ኬክ ይብሉ" ያለችው ማሪ አንቷኔት ናት

ፈላስፋው ሩሶ "አንዲት ታላቅ ልዕልት" ብሎ ሲጽፈው የኋላዋ የፈረንሳይ ንግስት ገና ኦስትሪያ ያለች ልጅ ነበረች። አለቀ።

"ቫስኮ ዳ ጋማ የፖርቱጋል ክለብ ነው"

የሪዮ ዴ ጄኔሮ ነው፣ ሮማርዮ ያደገበት። ፖርቱጋላውያን ስደተኞች ናቸው በ1898 ያቋቋሙት፣ ቫስኮ ህንድ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት አስበው፣ እሱም ለኳስ ሳይሆን ለጀልባ ቀዘፋ ነበር። በ1923 ጥቁርና ደሃ ሰራተኛ ተጫዋቾች ይዘው ሻምፒዮን ሲሆኑ ትልልቆቹ ክለቦች በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሊግ መስርተው 12 ልጆች አባርራችሁ ግቡ አሏቸው፣ እንቢ አሉ።

እዚህ ጋር ልጆቹን ዝም ያሰኘኋቸው የቫስኮ ልጅ ክርስቶፎር ዳ ጋማ እኛ ሀገር ነው የሞተው ስል ነው። በ1541 ምጽዋ ላይ ወርዶ 400 ወታደር ይዞ ገባ፣ በ1542 ወፍላ ላይ በግራኝ አህመድ ተሸንፎ ተይዞ ተገደለ፣ የተረፉት ናቸው በቀጣዩ ዓመት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር የተሰለፉት። ጨርሼ ሳልቀመጥ ደግሞ ጨመርኩላቸው፣ "ብርቱካን" የሚለው ቃላችን ራሱ በአረብኛ በኩል ከፖርቱጋል ስም የመጣ ነው። ጭማቂው የኔ ነው ማለት ነው፣ ልጁ ግን እስካሁን "ስልኩ እንደዛ አይልም" እያለ ነው።