«ሰው የለኝም»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እሑድ መጻጉዕ ነበር፤ ጌታ የፈወሰው በሽተኛ የሚታሰብበት የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት። ከቅዳሴ ስንወጣ ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ የጦሳ ተራራ አይታይም። ምስባኩ፣ ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙር ጥቅስ፣ ግን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዓራተ ሕማሙ»፤ እግዚአብሔር በደዌው አልጋ ሳለ ይረዳዋል። መዝሙረኛው ቀጥሎ ምን ይላል? «መኝታውን ሁሉ በበሽታው ጊዜ ያነጥፍለታል።» አምላክ የበሽተኛ አልጋ ያነጥፋል! ስንት ዓመት ሰማሁት። የገባኝ ግን ዓምና በዚሁ ጾም፣ አንሶላ ይዤ አባቴ አልጋ አጠገብ ስቆም ነው።

አባቴ እናታችንን ትቶ ሲሄድ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አድጌ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ። አልጠየቀኝም፤ አልጠየቅሁትም። ስትሮክ መታው ተብሎ ሲደወልልኝ «እግዜር ይማረው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሁለት ወር ዝም። በነዚያ ሁለት ወሮች አንድም ቀን ጸሎት አላስታጎልኩም። ሰንበት ትምህርት ቤትም አስተምር ነበር፤ ስለ ፍቅር ሳይቀር።

ወደ ዕለቱ ወንጌል፣ ወደ ቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ልመልሳችሁ። አምስት መመላለሻ አለ፣ በሽተኛው ብዙ ነው፣ ጠያቂና አስታማሚም አይጠፋም። በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ሰው፣ መጻጉዕ የምንለው፣ 38 ዓመት ተኝቷል። ጌታችን «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። የሚጠበቀው መልስ «አዎን» ነበር። እሱ ግን «ሰው የለኝም» አለ። ስለ ጤና ተጠይቆ የመለሰው ስለ ብቸኝነቱ ነው። እኔ ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ወንጌሉን እዘጋዋለሁ። ከዚያ በላይ ማለፍ ያቅተኛል።

አባቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር ያስተምሩናል። ጌታችን ተይዞ በሊቀ ካህናቱ በሐና ፊት በቆመ ጊዜ ፊቱን በጥፊ የመታው ይኸው የዳነው መጻጉዕ ነው ይላሉ። ጌታ ይህን አላወቀም ነበር? ያውቅ ነበር እንጂ! የምትመታውን እጅ ራሱ ፈወሳት። እኛ ግን «እሱ እኮ ያኔ እንዲህ አድርጎኛል» እያልን ሒሳብ እንይዛለን። ልክ ነው፣ አድርጎሃል። አድርጎሻል። አልክድም፤ እኔም ተደርጎብኛል።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሁለት ጊዜ ከአዲስ አበባ መጥቻለሁ። ያን ዳገት በእግሬ ወጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አውቶቡሱ ደሴ ፒያሳ ቆመ፤ ወርጄ ሻይ ጠጣሁና ተመልሼ ገባሁ። አባቴ እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነበር፤ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ! ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ስንቶቻችን ነን ተሳልመን፣ ለበረከት የሚወሰደውን እምነት በላስቲክ ቋጥረን፣ በአባታችን ደጅ በኩል ዝም ብለን የምናልፈው?

በመጨረሻ መጣሁ። በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ የሴት ድምፅ «ማነው?» አለ። በልማድ «የቤት ሰው» አልኩ። ቃሉ አፌ ላይ ደረቀ። ከመቼ ወዲህ ነው የቤት ሰው የሆንኩት?

የከፈተችልኝ ጎረቤቱ ናት፤ ሙስሊም እናት። እኔ ዐቢይ ጾምን ይዣለሁ፣ እሷ ረመዳንን ይዛለች። እሷ ሳትቀምስ እሱን አጥሚት በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ሁለት ወር እንዲህ አድርጋለች። ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት ተብሏል። «ና ልጄ፣ በዚህ በኩል ያዝ» አለችኝ። ወደ እኔ አዞርነው። አሮጌውን አንሶላ እስከ ወገቡ ጠቀለለችው፣ አዲሱን አጠገቡ ዘረጋች። መልሰን ስናዞረው እኔ ከወዲህ ሳብኩት። አለቀ። መዝሙሩን የሰማሁት ያኔ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ጠበል ያመጡለት ዘመዶች የደም ግፊት ኪኒኑን አስቁመውት ነበር። ጠበሉን አጠጡ፤ ኪኒኑንም አትከልክሉ። የደም ግፊት መድኃኒት ያቋረጠን ሰው ስትሮክ እንደገና ሊመታው ይችላል።)

«ልቤ እንቢ ብሎኛል» ለምትሉ፦ የእኔም እንቢ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ፊቱን እንኳ አላየሁትም፤ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው። እጃችሁ ከልባችሁ ቀድሞ ይሂድ፤ ግድ የለም። መቅረብ ጭራሽ ያልቻለ ቁስሉን ለንስሐ አባቱ ይንገር፣ አቅሙ የፈቀደውንም ይላክ። መቅረት ብቻ አይሁን።

አባቴ አንደበቱ ተሰባብሯል። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ላገላብጠው ተነሣሁ። መብራት ጠፍቷል። በስልኬ ብርሃን ትራሱን ሳስተካክል ዓይኑን ገለጠ።

«ማ... ነው?» አለ።

«የቤት ሰው» አልኩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።