የሸንገን ቪዛ ዊምብልደን ያደርሳል?

ሐዋሳ ያለን የቴኒስ ወዳጆች ሰሞኑን ደጋግመን የምንጠያየቀው ይህንኑ ነው። አያደርስም። ፓሪስ ሄዶ የሮላንድ ጋሮስን የቴኒስ ውድድር ለማየት የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት ቪዛ፣ ይበቃል። የዊምብልደን ውድድር ግን ለንደን ነው። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። የውድድሩ መግቢያ ትኬትም ቪዛን አይተካም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቪዛው ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል የምትናገር ትንሽ ቦታ አለች። እዚያ 1 ከተጻፈ አንዴ ብቻ ነው። ለምሳሌ ግንቦት መጨረሻ ፓሪስ ገባችሁ እንበል። ሰኔ ላይ ለንደን ተሻገራችሁ። ሐምሌ ውስጥ ደግሞ ስዊድን ሄደን የባስታድን ውድድር እንይ ብትሉ አይሆንም። ቪዛው ቀን ቢተርፈው እንኳ፣ ከሸንገን የወጣችሁ ለት አልቋል። ያሳዝናል፣ ባስታድ ከባሕሩ ዳርቻ የሚጫወቱበት ውብ ቦታ ነው! ከፓሪስ ሮም ብትሄዱ ግን እንደ መውጣት አይቆጠርም፤ ሁለቱም ሸንገን ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ስታመለክቱ ደጋግሞ የሚያስገባውን ጠይቁ፣ የጉዞ ዕቅዳችሁንም አያይዙ። መስጠት አለመስጠቱ የኤምባሲው ውሳኔ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ፓስፖርታችሁ ሲመለስ፣ የለንደኑን በረራ ከመክፈላችሁ በፊት፣ እባካችሁ ያቺን ቁጥር እዩ።