ታይሄዲያን፦ አንድ አዳራሽ፣ ሦስት ስም

ቤጂንግ ስላለው የድሮ የቻይና ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ስለ «የተከለከለው ከተማ» ስታነቡ አንዴ «ፌንግቲያን»፣ አንዴ «ሁዋንግጂ»፣ አንዴ «ታይሄ» የሚባል አዳራሽ ያጋጥማችኋል። ግራ አትጋቡ፤ ሦስቱም ያው አንድ አዳራሽ ነው።

«ዲያን» ራሱ በቻይንኛ አዳራሽ ማለት ነው። «የታይሄዲያን አዳራሽ» ስንል አዳራሽን ሁለቴ እየጠራን ነው። በ1420 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ ፌንግቲያን ተባለ፤ ዓመት ሳይሞላው ተቃጠለ። በ1562 ሁዋንግጂ፣ የቻይና የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት የቺንግ ነገሥታት ሲመጡ በ1645 ታይሄ ሆነ። «ታላቅ ስምምነት» እንደማለት ነው። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በ1690ዎቹ እንደገና የተሠራው ነው።

ዙፋን ስላለው ንጉሠ ነገሥቱ በየቀኑ እዚያ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። በቺንግ ዘመን እንዲያ አልነበረም፤ የዕለት ሥራው ወደ ውስጥ ባሉት ቤቶች ነበር። ይኼኛው ለንግሥና፣ ለንጉሡ ሰርግና ልደት፣ ለአዲስ ዓመት ነበር የሚከፈተው። ያኔ ባለሥልጣናቱ ሜዳው ላይ በየማዕረጋቸው ተሰልፈው ይሰግዱ ነበር።

በ1908 የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑዪ እዚህ ሲነግሥ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ልጁ ብርዱንም ሥርዓቱንም አልቻለም፤ አለቀሰ። አባቱ አሁን ያልቃል እያለ ሲያባብለው የሰሙ ሹማምንት ነገሩን እንደ መጥፎ ምልክት ቆጠሩት። በ1912 ሥርወ መንግሥቱ አበቃ።